ባለቤቴ ሕመሙን ለኅብረታችን መናገር አይፈልግም፤ እኔ ግን ብቻዬን መሸከም አቃተኝ

የአራት ኪሎዋ

ሰላም ወገኖች። እዚህ የምጽፈው ስሜ ስለማይታይ ነው። ከታሪኩ ተነስቶ የሚያውቀኝ ሰው ካለ ለራሱ እንዲይዘው በእግዚአብሔር ስም እለምነዋለሁ።

የባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል። እጥበት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። የታዘዘለት በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። አቅማችን የቻለው ግን ሁለቴ ብቻ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነው። እጥበት ባለበት ቀን ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ ከሰዓት ክፍል ይገባል። ከትምህርት ቤት የሚያውቀው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ነው። ለእጥበቱ ብለው የደም ሥሮቹን ያገናኙበት፣ ፊስቱላ የሚሉት፣ ግራ ክንዱ ላይ ሥሩ አብጦ ይታያል። ስለዚህ ፀሐይ ሆነ ዝናብ ረጅም እጅጌ ነው የሚለብሰው።

የቤት ኅብረት አለን። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ነው። ድሮ ካዛንቺስ አንዲት እናታችን ቤት ነበር የምንሰበሰበው። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ግማሹ ሶፋ ላይ፣ ግማሹ ዱካ ላይ፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ። ቃል ይካፈላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እናታችንም ብዙዎቹም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አሁን የቀረነው አራት ኪሎ አንዲት እህት ቤት እንገናኛለን። የራቁት ደግሞ በቴሌግራም ነው ያሉት። የጸሎት ርዕስ እዚያ ይጻፋል። መጀመሪያ የምንተዋወቅ ሰዎች ብቻ ነበርን። አሁን የማላውቃቸው ስሞች በዝተዋል።

አንዲት እህታችን የትዳሯን ጉዳይ እዚያ ለጸሎት ሰጠች። ሳምንት ሳይሞላ ሱቋ ዕቃ የሚያመጣላት ሰው «ታረቃችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። «እባክሽ ጸልዪላት» እያለ አንዱ ለሌላው ሲያስተላልፍ ነው እዚያ የደረሰው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አፏን አልከፈተችም። ይህን ባለቤቴ አይቷል።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገራችሁ። የኅብረቱን የጸሎት ደብተር የሚይዘው እሱ ራሱ ነው። በግራ ገጽ ርዕሱን ይጽፋል፣ በቀኝ ገጽ ጌታ የመለሰበትን ቀን። የማን ልጅ ፈተና እንዳለበት፣ የማን እናት ዓይኗን እንደምትታከም፣ የማን ቪዛ እንደዘገየ ሁሉ ያውቃል። በየስማቸው እየጠራ ማታ ማታ ሲጸልይ እሰማዋለሁ። የራሱን ሕመም ግን አንዲት መስመር አልጻፈም። ሐሙስ ከእጥበት በኋላ ተዳክሞ ሲቀመጥ «ምነው ደከምክ?» ይሉታል። «ሥራ በዛ» ይላል። እኔን «እናንተስ? ርዕስ የላችሁም?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። እሳቸው ወር በገባ በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳሉ። የክርስትና ስሙን ለካህኑ ይሰጣሉ፣ ያስጸልያሉ፣ ጠበል ይዘውለት ይመጣሉ። በሽታው ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው የለም። አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሳልነግረው ለኅብረቱ ብናገር ክህደት ይሆንብኛል። ዝም ብል ደግሞ እኔ ልወድቅ ነው። የሱን ሕመም ሳልገልጥ የራሴን ሸክም ማካፈል የምችልበት መንገድ አለ? እንዲህ ያለፈ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ብርሃን

እህቴ፣ ጌታ ያጽናሽ። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ተናገሪ። ጠላት የሚያጠቃው ለብቻው የቀረውን ነው። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ ይላል። እናንተ ግን በሩን ዘግታችኋል። ባልሽ ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል። በኋላ ያመሰግንሻል። እኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ስለ ጉበቱ በጉባኤ ፊት ተናግሮ ሁላችን ጾመን ጸለይን፤ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል።

የአራት ኪሎዋ

ተባረክ ወንድሜ። ያ ሰው ግን በራሱ አንደበት ነው የተናገረው። የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ኩሩ ሰው አይደለም። ከጌታም አልተደበቀም። ሰው እንዳያዝንለት ነው የሚፈራው።

እህት ከቂርቆስ

የኔ እናት፣ ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ። ባሌ ሁለት ዓመት ገደማ እጥበት ላይ ነበር። አሁን በእህቱ ኩላሊት ይኖራል፤ ስሙ ይባረክ። ስለዚህ ያየሁትን እንዳለ ልንገርሽ፤ ደጉንም ክፉውንም።

እኛ ለሁሉም ሰው ነገርን። በሁለተኛው ቀን ቤታችን ሞላ። ሰው ታማሚ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣምና ብርቱካን በፌስታል፣ ሙዝ በእቅፍ፣ ጁስ በካርቶን መጣ። ብርቱካንና ሙዝ ፖታስየም የበዛባቸው ናቸው። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ያንን ማስወጣት ስለማይችል ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ልብን ያውካል። ውሃውም ተለክቶ ነው የሚጠጣው። ሻዩ፣ ሾርባው፣ ቡናው ሁሉ ከልኩ ይቆጠራል። እንግዳ ግን «አንድ ብርጭቆ ምን አላት» ይላል። እሱ ሰው ላለማሳዘን ይጠጣል። በማግስቱ እግሩ ያብጣል።

ከዚያ ምክሩ መጣ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዱ ፌጦ፣ አንዱ ስሙን የማናውቀው ቅጠል። እንዲህ ያለው ነገር የደከመ ኩላሊትን ይብስ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆን ነበር። ይባስ ብሎ አንድ ሰው «ነቢይ» ይዞ መጣ። «ጌታ ፈውሶሃል፣ ማሽኑን ተው» አለው። በሩ ላይ ቆሜ፣ «እግዚአብሔር ከፈወሰው ደሙ ሲመረመር ይታያል፤ እስከዚያ ግን ቀጠሮው አይቀርም» ብዬ ሸኘሁት። እህቴ፣ ይህን ተዘጋጅተሽ ጠብቂ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው እጥበት አቋርጦ በሕይወት ብዙ አይቆይም። በዚህ ላይ ማንንም እንዳታፍሪ።

አሁን ደግሞ ደጉን ልንገርሽ። አንድ ወንድም መኪና ነበረው። በእጥበት ቀን ማልዶ እየመጣ ያደርሰው ነበር፤ አንድም ቀን አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ይመጣል። ሁለት እህቶች ልጆቼን ከትምህርት ቤት ያመጡልኝ ነበር። ለሁሉም ባንናገር ኖሮ እነዚህን ሦስቱን አናገኛቸውም ነበር ልል አልችልም። ለነሱ ብቻ ብንነግራቸውም ያደርጉት ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቤተሰቡ ያውቃል? እኔ የምለው አማትሽን ብቻ አይደለም፤ ወንድሞቹ፣ እህቶቹ፣ የአክስት ልጆቹ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። የኅብረት ወንድም ቢወደውም መስጠት አይችልም ነበር። ደሴ ያለችው የባሌ እህት «ትንሽ ደም ግፊት አለበት» ብቻ ነበር የተባለችው። እውነቱን የሰማች ዕለት አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። «ምነው እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ?» ብላ ነው ያለቀሰችው። ባልሽ ለኅብረቱ ባይናገርም ለሥጋ ዘመዶቹ ዝም ማለት የለበትም።

ሽማግሌው

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ በደርግ ጊዜ በየቤቱ ተደብቆ ሲጸለይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። በተለያየ ሰዓት እየገባን፣ በተለያየ ሰዓት እየወጣን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ያኔ የጸሎት ርዕስ ሲሰጥ ስም አይጠራም። «አንድ ወንድም ታስሯል»፣ «አንዲት እህት ቤት መከራ ገብቷል» ይባላል። ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ማወቃችን ያንን ሰው ሊያስገድለው ይችላልና። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ታፍነው ሲወሰዱ ወዴት እንደገቡ አይታወቅም ነበር። መገደላቸው የተረጋገጠው ደርግ ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው ሲገኝ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ እሳቸው የጸለየው ሰው ምንም ዝርዝር ሳይኖረው ነው የጸለየው። ዛሬ ዝርዝሩን ካልሰማን መጸለይ የማንችል ይመስለናል።

ብርሃን የጠቀሰው የያዕቆብ ቃል እውነት ነው። ግን ልብ በሉ። ሽማግሌዎቹን የሚጠራው የታመመው ሰው ራሱ ነው። የሚጠራውም ሽማግሌዎችን ነው፤ ጉባኤውን በሙሉ አይደለም።

ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ እንደለመነ ይነግረናል። መውጊያው ምን እንደነበር ግን አልነገረንም። ይኸው ስንት ሊቅ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። የፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 2 ደግሞ ኤጳፍሮዲቱ የሚባል ወንድም ያነሳል። ለሞት እስኪቀርብ ታሞ ነበር። እንዲጨነቅ ያደረገው ግን ወገኖቹ መታመሙን መስማታቸው ነው። ጳውሎስ በዚህ አልገሠጸውም። እንዲያውም በክብር ተቀበሉት ብሎ ወደነሱ ላከው። ባለቤትሽ ከዚህ ሰው ጋር ይመሳሰልብኛል።

የምመክርሽ ይህን ነው። ሕመሙ የሱ ነው፤ የሚነገርበትን ቀንና ሰው እሱ ይወስናል። ድካምሽ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ፣ የገንዘቡ ጭንቀት ግን ያንቺ ነው። ስለዚያ ለመናገር ፈቃድ አያስፈልግሽም። «ቤቴ ውስጥ የከበደኝ ነገር አለ፤ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፣ ብርታት እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ» ማለት ሙሉ የጸሎት ርዕስ ነው። «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጫንሽ ሰው ካለ የሚፈልገው ወሬ ነው፤ ለሱ አትመልሺለት። ከዚያ በፊት ግን ባልሽን አናግሪው። ለኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪው። ማልቀስሽን ያውቃል?

የሚካኤል ወዳጅ

እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ስለ አማትሽ ያልሽው ነገር ልቤን ነካው። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ለካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው፣ «ወልደ ሚካኤልን አስቡልኝ» ይባላል። ዝርዝሩ የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው፤ ንስሐ አባት ደግሞ የሰማውን ይዞ ይቀበራል። በጽዋ ማኅበራችንም ወር ጠብቀን ስንገናኝ የታመመ ሰው ካለ ስሙ ይጠራል፣ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ማኅበርተኛው መንደርተኛም ነውና ወሬ የለም አልልሽም። አለ። ግን ስም ብቻ ሰጥቶ ማስጸለይ ማንንም አያስገርምም።

ስለ ጠበሉ አንድ ነገር ልበል። አማትሽ ልጃቸው ውሃ በልክ እንደሚጠጣ ያውቃሉ? ሰው በፍቅር ብዙ ሊያጠጣ ይችላል። ካህኑን ቢጠይቁ መረጨትም መቀባትም በረከት መሆኑን ይነግሯቸዋል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና የሐኪም መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ያኔ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን ለጠበል ብለው መድኃኒት ያቋርጡ ነበር። እናታችንን በዚህ መንገድ ብታስረጃቸው አይከፋቸውም።

የአራት ኪሎዋ

ወገኖች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ «ማልቀስሽን ያውቃል?» ያሉኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹን እናቴ ጋ አድርጌ አናገርኩት። የጻፍኩትንም የጻፋችሁልኝንም ከስልኬ አነበብኩለት። እዚህ መጻፌን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

የፈራው እኔ ካሰብኩት ሌላ ነው። «ከነገርናቸው ደብተሩን ይወስዱብኛል» አለኝ። «አንተ ታመሃል፣ ዕረፍ ይሉኛል። ከዚያ በኋላ የሚጸለይልኝ ሰው እንጂ የሚጸልይ ሰው አልሆንም። እጥበት ላይ አራት ሰዓት ስተኛ ስማቸውን እየጠራሁ ነው የምቆየው። እሱን ከወሰዱብኝ እዚያ ማሽን ላይ ምን ልሠራ ነው?» አለ። ይህን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሰምቼው አላውቅም። ሕመሙን የደበቀው አገልግሎቱን ለማትረፍ ነበር።

ብዙ ሰዓት አወራን። በቴሌግራም ምንም አይጻፍም፤ በዚህ ተስማምተናል። የካዛንቺሷን እናታችንንና አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ቅዳሜ ቤታችን እንጠራለን። የሚነግራቸው እሱ ነው፤ ደብተሩ እንደማይነካም አብሮ ይነግራቸዋል። ለአማቴ ስለ ጠበሉ እሱ ሊነግራቸው ነው፤ እናቱ ናቸውና ከሱ ሲሰሙት ይሻላል። ሐዋሳ ያለው ታናሽ ወንድሙም ስለ እጥበቱ አያውቅም ነበር። ለሱ ለመደወል ገና ልቡ አልቆረጠም። «ኩላሊትህን ስጠኝ ብዬ የደወልኩ ይመስለዋል» ይላል። እዚህ ላይ አልገፋሁትም። እኔ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ጋሼ እንዳሉት ስለ ራሴ ርዕስ እሰጣለሁ። ይህንንም ነግሬው እሺ ብሎኛል።

እህት ከቂርቆስ፣ አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናታችን ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ አውቃቸዋለሁ። ብርቱካን አታምጡ እንዴት ይባላል?

እህት ከቂርቆስ

ደስ ሲል! እኔ እንዲህ ነበር የማደርገው። ቀድሜ እደውልና «እማማ፣ ሐኪሙ ፍራፍሬ ከልክሎታል፣ ለልጆቹ ዳቦ ይዘው ይምጡ» እላለሁ። የሚያመጡት ነገር ከነገርሻቸው አይከፋቸውም። ፖም ከሆነ ትንሽ ትንሽ ይፈቀድለት ይሆናል፣ ሐኪሙን ጠይቂ። ቡናውን አንቺ ቅጂ። ለሱ በትንሿ ሲኒ አንድ ብቻ፣ ከዕለቱ የውሃ ልኩ ላይ ቀንሰሽ።

ሲጸልዩለት እጅ መጫናቸው አይቀርም። ግራ ክንዱን እንዳይጫኑት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ያ ክንድ ከባድ ነገር አይነሳበትም፣ ደም ግፊት አይለካበትም፣ ደምም አይቀዳበትም። ትከሻው ላይ ይሁን በያቸው።

የወንድሙን ነገር ደግሞ ጊዜ ስጡት። ሲደውል ኩላሊት የሚለውን ቃል ማንሳት የለበትም። «ታምሜአለሁ፣ በሳምንት ሁለቴ እታጠባለሁ፣ እንድታውቅ ነው» ካለ ይበቃል። ወንድሙ ራሱ ከጠየቀ ያኔ ወደ ሐኪሙ ይዛችሁት ሂዱ። የደም ዓይነቱም፣ የራሱ ጤናም ብዙ ነገር ይመረመራል፤ ስለ ፈለገ ብቻ አይሆንም። የባሌን እህት ብዙ ጊዜ አመላልሰዋታል። ከፈለጋችሁ ባሌ ባለቤትሽን ያናግረው። በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እገባለሁ።